ሁሉም ሃያ የነበሩበት ክፍል

ተረት ልጀምር ነው። ላም ያላችሁ በረታችሁን ዝጉ፤ ላም የሌላችሁ ጆሯችሁን ክፈቱ። ተረቱ የሆስፒታል ስለሆነ መሃል ላይ ግራ ቢገባችሁ አይግረማችሁ። እኔም ስሰማው ግራ ገብቶኛል፣ ውስጡ የነበሩትም ሰዎች ከእኔ አይሻሉም።

አንዲት ሲስተር ፋንታዬ የምትባል ነርስ ነበረች። ሥራዋ ሌሎች ነርሶችን ማስተማር ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስድስት ነርሶች አስከትላ ወደ ወንዶች ክፍል ገባች። የዕለቱ ትምህርት በድንገት ስለሚብስበት በሽተኛ ነበር። ትምህርቱም አጭር ነው። በሽተኛ ሊብስበት ሲል ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሹ ነው፤ ስለዚህ ደረቱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። በቃ። ሲስተር ፋንታዬ ከዓለም የፈለገችው ይህችኑ አንድ ደቂቃ ነው።

ለማሳያ የአልጋ ሰባትን ቻርት አነሳች። አልጋ ሰባት ላይ የተኙት አናጢው አቶ ጓንጉል ናቸው። ከትናንት በስቲያ በሳልና በትኩሳት የገቡ ናቸው። አጠገባቸው ሚስታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቻርቱ የአቶ ጓንጉል ትንፋሽ ትናንት ጠዋት ሃያ፣ ከሰዓት ሃያ፣ ዛሬም ሃያ ይላል። አልጋ ስምንትን አየች፣ ሃያ። አልጋ ሁለትን አየች፣ ሃያ። የአልጋ ሦስት በሽተኛ ትናንት ድኖ ቤቱ ገብቷል፤ አልጋው ባዶ ነው። ባዶው አልጋም ዛሬ ጠዋት ሃያ ተንፍሷል።

ማን ቆጠረው ብላ ጠየቀች። የክፍሉ ተረኛ ነርስ ዑመር፣ ደህና ልጅ ነው፣ እዚህ ክፍል ትንፋሽ ሃያ ነው፣ እኔ ስመደብም ሃያ ነበር ብሎ መለሰላት። የደም ግፊቱን ማሽን ይነግራቸዋል፣ የልብ ምቱንም ያው ማሽን ይነግራቸዋል፤ ትንፋሽ ግን ማሽን የለውም፣ ሰዓት ይፈልጋል። የእጅ ሰዓትና ስልክ ደግሞ ለንጽህና ሲባል ወደ ክፍል እንዳይገባ ሰርኩላር ወጥቷል። የግድግዳው ሰዓት ከፋሲካ ጀምሮ ቆሟል። ሰዓቱ ነርሶቹን አላስቆጥር አለ፣ ነርሶቹም የአቶ ጓንጉልን ትንፋሽ አንቆጥርም አሉ።

ሲስተር ፋንታዬ ወንበር ላይ ወጥታ ሰዓቱን አወረደችው። ባትሪው አልቋል። ከሱቅ አምጥታ ብትከትበትስ የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ዓምና አንዱ እንደዚያ አድርጎ ነበር። ንብረት ክፍል አይቶ ያልተመዘገበ ባትሪ ነው ብሎ ነቅሎ ወሰደው፤ ልጁም ለምን እንደከተተው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ተደረገ። እንግዲህ ባትሪው ሰዓቱን አላዞር አለ፣ ሰዓቱ ነርሶቹን አላስቆጥር አለ፣ ነርሶቹም የአቶ ጓንጉልን ትንፋሽ አንቆጥርም አሉ።

ሰዓቱን ታቅፋ ወደ ንብረት ክፍል ወረደች። ኃላፊው አቶ ጥላዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ባትሪ ሞልቷል አሉ፤ ሃያ አምጪና ውሰጂ አሏት። ሲስተር ፋንታዬ ጠዋቱን ሙሉ ሃያ ሲባል ጆሮዋ ሞልቶ ነበር። ጥያቄም አላነሳች። ደረጃውን ወጥታ፣ ቻርቶቹን ሰብስባ፣ ደረጃውን ወርዳ ጠረጴዛቸው ላይ ከመረችላቸው። አሥራ አንድ ሃያ አለኝ፣ አንዱ የባዶ አልጋ ነው አለቻቸው። አቶ ጥላዬ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት፣ መልሰው አድርገው አዩዋት። እሳቸው ያሉት ሞዴል ሃያ ነው፤ ከመጋዘን ዕቃ የሚጠየቅበት ቅጽ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላችውን ቅጽ በዚያች ጠዋት ረሳችው። ሃያው ባትሪውን አላስወጣ አለ፣ ባትሪው ሰዓቱን አላዞር አለ፣ ሰዓቱ ነርሶቹን አላስቆጥር አለ፣ ነርሶቹም የአቶ ጓንጉልን ትንፋሽ አንቆጥርም አሉ።

ቅጹን ሞላችና ቻርቶቹንም ይዛ ለፊርማ ወደ ሜትሮን ወይንሸት ሄደች። ሜትሮን ማለት የነርሶች ሁሉ አለቃ ናቸው፤ ፊርማቸውም እንደ እሳቸው ቀጥ ያለ ነው። ቅጹ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ ትንፋሽ ለመቁጠር ይላል። ሜትሮኗ ቻርቶቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። ሃያ ደህና ትንፋሽ ነው፤ ሁሉም ደህና ከሆነ የሚቆጠረው ለምንድን ነው አሉ።

«ሃያ ያልሆነ አንድ በሽተኛ አምጪልኝና ሃያውን እፈርምልሻለሁ።»

ሲስተር ፋንታዬ ይህን ነገር ኮሪደር ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ ለራሷ ደገመችው፤ ሁለቱንም ጊዜ አልገባትም። የገባት ይህ ብቻ ነው፤ ቻርቱ ሜትሮኗን አላስፈርም አለ፣ ሜትሮኗ ሃያውን አልፈርም አሉ፣ ሃያው ባትሪውን አላስወጣ አለ፣ ባትሪው ሰዓቱን አላዞር አለ፣ ሰዓቱ ነርሶቹን አላስቆጥር አለ፣ ነርሶቹም የአቶ ጓንጉልን ትንፋሽ አንቆጥርም አሉ።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ ሃያ ያልሆነ በሽተኛ ስጡኝ አለች። ዑመር አሰበ፣ አሰበና ሃያ ያልሆነ ለመጻፍ መቁጠር አለብኝ፣ ለመቁጠር ሰዓት ያስፈልገኛል፣ ሰዓቱን ደግሞ አንቺ ታቅፈሽዋል አላት። እውነቱን ነው፣ ሰዓቱ ብብቷ ሥር ነበር። ከነርሶቹ አንዷ እንግዲህ አሁን የቱ ሃያ ነው የጎደለን ብላ ጠየቀች። እኔን እንዳትጠይቁኝ። ዞሮ ዞሮ ነርሶቹ ቻርቱን አንለውጥም አሉ፣ ቻርቱ ሜትሮኗን አላስፈርም አለ፣ ሜትሮኗ ሃያውን አልፈርም አሉ፣ ሃያው ባትሪውን አላስወጣ አለ፣ ባትሪው ሰዓቱን አላዞር አለ፣ ሰዓቱ ነርሶቹን አላስቆጥር አለ፣ መጨረሻው መጀመሪያው ሆነና ነገሩ አልጋ ሰባት ዙሪያ ቆመ።

አልጋ ሰባት ግን አልቆመም። አቶ ጓንጉል ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል፤ ጠዋት ውሃ ስጡኝ ያሉ ሰው አሁን ውሃ ብለው ያርፋሉ፣ ስጡኝ የሚለው ይቀራቸዋል። የአፍንጫቸው ክንፍ ይርገበገባል። ሲስተር ፋንታዬ አላማራትም፣ ፈራች። ለተረኛው ሐኪም ከጠረጴዛው ስልክ ደወለች። ሐኪሙ ሌላ ክፍል ሌላ በሽተኛ ይዞ ነበርና ትንፋሹ ስንት ነው አላት። ቻርቱን አይታ ሃያ ይላል አለችው። ሃያ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አየዋለሁ ብሎ ዘጋው። ያን ሃያ የተናገረው የራሷ አፍ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያዩ የዋሉት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም። ጠይቀው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ እንዴት ነው ባሉ ቁጥር ሃያ ነው፣ ደህና ነው ተብለዋል። አሁን ከበርጩማው ተነስተው የሲስተር ፋንታዬን እጅጌ ያዝ አደረጉ።

«ሲስተር፣ ልጄ፣ የኔስ ትንፋሽ ስንት ይሆናል?»

ጤነኛ ሰው ቢበዛ ሃያ ነው አለቻቸው።

«እኔ አንዴ ስተነፍስ እሱ ሁለቴ ይተነፍሳል። አብሬው ልተነፍስ ብዬ ደከመኝ። ታዲያ እኔም ሃያ፣ እሱም ሃያ እንዴት እንሆናለን?»

ሲስተር ፋንታዬ ሰዓቱን ባዶው አልጋ ላይ አስቀምጣ መዳፏን አቶ ጓንጉል ደረት ላይ አሳረፈችና ራሷ እንደ ወትሮዋ ተነፈሰች። እሷ አንድ፣ እሳቸው ሁለት። እሷ አንድ፣ እሳቸው ሁለት። ስድስቱ ነርሶችም ሳይታዘዙ አልጋውን ከበው አብረው መተንፈስ ጀመሩ፤ እነሱ አንድ፣ እሳቸው ሁለት። አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረችውን አንዲት እናት በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ስለሠሩት ሲስተር ፋንታዬ አፈረች፤ የማፈሪያ ጊዜ ግን አልነበራትም።

ዑመር እስክሪብቶውን አወጣ። ሃያውን ሰረዘና ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ያለ ሰዓት የተቆጠረ ብሎ ጻፈ፤ ፈረመበትም። ሲስተር ፋንታዬ እንደገና ደወለች። በዚህኛው ጊዜ ሐኪሙ ስልኩን ሳይዘጋ ነው የሮጠው። የሳንባ ምች ነበር፣ ብሷል። ኦክስጅን ተገጠመ፣ መርፌ ተሰጠ፣ ደም ለምርመራ ተወሰደ። ትንሽ ብንቆይ ኖሮ አለ ሐኪሙ፤ ወይዘሮ ደብሪቱን ሲያይ የቀረውን ዋጠው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው። ነርሶቹ ቻርቱን ለወጡ፣ ቻርቱ ሜትሮኗን አስፈረመ፣ ሜትሮኗ ሃያውን ፈረሙ፣ ሃያው ባትሪውን አስወጣ፣ ባትሪው ሰዓቱን አዞረ፣ ሰዓቱ ነርሶቹን አስቆጠረ፣ ነርሶቹም የአቶ ጓንጉልን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠሩ። ሠላሳ ስድስት። ሲስተር ፋንታዬ የፈለገቻትን አንድ ደቂቃ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገኘች። የአልጋ ስምንት ትንፋሽ አሥራ ስድስት ሆኖ ተገኘ፣ የአልጋ ሁለት ሃያ ሁለት፤ ባዶው አልጋ ጨርሶ እንደማይተነፍስ ተረጋገጠ። ሜትሮን ወይንሸትም ራሳቸው መጥተው ሰዓቱ ሥር ቆመው ቆጠሩ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ዑመር አቶ ጓንጉልን ሊቆጥር መጣ። ኦክስጅኑ ተነስቷል፤ አቶ ጓንጉል የአልጋው እግር መወላገዱን እያሳዩ መዶሻ ቢሰጠኝ ይላሉ። ልጁ ዝም አሰኛቸውና ሰዓቱን እያየ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ። ሊጽፍ ሲል እጁ ቆመ። ሌላ ደቂቃ ጨምሮ ቆጠረ። ያው ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ስንት ነው ልጄ አሉት።

«ሃያ» አላቸው፣ እያፈረ።

«የትኛው ሃያ?»

«የተቆጠረው ነው፣ እማማ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ፊታቸውን ወደ ባላቸው አዙረው አንዴ ተነፈሱ። አቶ ጓንጉልም አንዴ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ። አፍ ማበሻ ዳቦው ይቅርብኝ፤ ይልቅ ከመነሳታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው አንድ ደቂቃ ቁጠሩልኝ።