ሠዓሊውና የወሰኑ ድንጋይ

አንድ ገበሬ ነበረ። ትርንጎ፣ «ወንድሜ ከስንት ዘመን በኋላ መጥቶ የእናታችንን ግቢ የሚዞረው ምን ፈልጎ ነው? እማዬ ትታው የሞተችውን ሣጥን ይሆን እንዴ?» አልሽኝ አይደል? እንግዲያው ቁጭ በይና የዚህን ገበሬ ነገር ስሚ።

የገበሬው መሬት ባሏ ከሞተባት ሴት መሬት ጋር ይዋሰናል። በመካከሉ አንድ ትልቅ ጥቁር የወሰን ድንጋይ ነበረ። ባልየው ሲሞት ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ በየዓመቱ አንድ ትልም፣ አንድ ትልም እያለ ወደ እሷ ገፋ። በኋላ ድንጋዩን ራሱን ነቅሎ ወደ እሷ መሬት አንከባለለው። ሴትዮዋ «ኧረ ድንበሬ!» ብላ ጮኸች። ግን በዚያ አገር ድንበር የሚመለሰው እዚያው ያደገ፣ ወሰኑን በዓይኑ ያየ የድሮ ሰው ሲመሰክር ነው። የድሮዎቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ገበሬውን ይፈሩታል። ነገሩ ተዳፍኖ ቀረ።

አንድ ቀን ታዲያ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ሸራውን በብብቱ ይዞ ከተፍ አለ። ሠዓሊ ነው። በልጅነቱ ከዚያ መንደር የወጣ ነበርና አገሩ ናፍቆት ሊሥለው መጣ። ባለ ሦስት እግር እንጨቱን ከመስኩ ትይዩ ተከለ። አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ብሩሹን ወደ መስኩ ይዘረጋል፣ በአውራ ጣቱ ይለካል፣ ከዚያ ወደ ሸራው ይመለሳል።

ገበሬው ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ሲያየው ልቡ ስንጥቅ አለ። «መለካቱ ነው! ያቺ ሴትዮ ናት ያስመጣችው!»

እህል አልበላ አለው። ጠላ በቅል ይዞ ጠጋ አለ።

«ጌታው፣ ፀሐዩ አልከበደዎትም? ለመሆኑ ማን ልኮዎት ነው?»

«ናፍቆት ነው የላከኝ።»

«ናፍቆት የሚባል ሹም እዚህ ወረዳ አላውቅም።»

ሠዓሊው ከት ብሎ ሳቀ። «አይ አያ! አገሬ እኮ ነው። ዛፉ ተቆርጧል፣ ቤታችንም ፈርሷል። ግድ የለም፣ የት ምን እንደነበረ አንድም አልጠፋኝ። እንደ ድሮው አድርጌ ነው የምሥለው።»

የገበሬው ወሽመጥ ቁርጥ አለ። አንገቱን አስግጎ ሸራውን ቢያይ፣ ከመስኩ መካከል፣ ልክ ድንጋዩ በነበረበት ቦታ፣ ጥቁር ጉብታ ተሥሏል።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ዲጅኖውን ይዞ ወረደ። ድንጋዩን ፈንቅሎ፣ እያቃሰተ ወደ ጥንት ቦታው ሲያንከባልል፣ ሴትዮዋ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ ደረሰችበት።

«ምነው አያ! ድንጋዩም አገሩ ናፈቀው?»

ከዚያማ እልል አለች፤ መንደሩ ተንጋግቶ ወጣ፤ ሁሉም አየው።

ገበሬው ላብ እያጠመቀው ወደ ሠዓሊው ሮጠ።

«ይኸው መለስኩት! እንግዲህ ደስ ይበልዎት!»

«ምኑን?»

«ድንጋዩን ነዋ! ይኼን የሣሉትን!» አለና በጣቱ ጥቁሩን ጉብታ አሳየው።

ሠዓሊው ግራ ገባው። «የምን ድንጋይ? ድንጋይ ነበረ እንዴ እዚህ? ይቺማ የእናቴ ላም ናት። ታልባ ስታበቃ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ነበር የምትተኛው። ቀንዷን ገና ስላልሠራሁላት ነው።»

አዎ፣ ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ። ስትጨርሺ ግን ይኼን አስቢ። መስኩ የእናትሽ ግቢ ነው፣ ሠዓሊው ወንድምሽ ነው። ምን እንደሚፈልግ እኔ አላውቅም፤ ልቡ ውስጥ አልገባሁ። ምናልባት እሱም የተኛች ላም እየፈለገ ይሆናል። ሣጥኑን ግን እስካሁን በአፉ አላነሣም፤ ያነሣሽው አንቺ ነሽ። ከአጥር ጀርባ ያለሽውም አንቺ ነሽ፣ ልጄ።

በይ ተነሺ። ያ ገበሬ በጎህ ተደብቆ ነው የመለሰ፣ አንቺ ቤትሽ ያስገባሽውን በጠራራ ፀሐይ ሰው እያየሽ ውሰጂለት። በአንድ ወገን እኔ እይዝልሻለሁ፤ የእናትሽ ሣጥን ከባድ ነው።