የአዳር ተረኛዋ ጉጉት

ተረት ተረት፤ ተረኛ ያደረበት።

ጀርባው የቆሰለ አንድ አህያ ዋርካ ሥር ተኝቶ፣ ርግብ ቀን ቀን፣ ጉጉት ሌት ሌት ያስታምሙት ነበር። ርግብ ጨዋታ ስለምትወድ ጠያቂ የሚበዛበትን ቀን መረጠች። ጉጉት "እኔ ጸጥታ ይስማማኛል" ብላ አዳሩን ወሰደች።

ጠዋት ጠዋት ርግብ ስትመጣ፣ "አህያው እንዴት አደረ?" ትላለች።

"ደህና አደረ፤ ውሃም ጠጣ" ትልና ጉጉት፣ የሚጨመር ነገር ያለ ይመስል ቅርንጫፉ ላይ ጥቂት ቆይታ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ጉጉት አሟት ቀረች፤ ርግብ ተክታት አደረች። ሲነጋ ጦጣ መጣች፣ ቆቅ መጣች፣ ሚዳቋ መጣች። ሁሉም "አህያው እንዴት አደረ?" አሉ። ርግብ ለሁሉም መልሳ፣ ማንም "አንቺስ?" ሳይላት ወደ ጎጆዋ በረረች።

ጉጉት ተሽሏት ወደ አዳሯ በተመለሰች ማግስት፣ ርግብ ገና ሳታርፍ፣ "እንዴት አደርሽ?" አለቻት።

"ደህና አደረ፤ ውሃም ጠጣ።"

"እሱን አይደለም፣ እህቴ። አንቺን ነው።"

ጉጉት ለርግብ አጠገቧ ቦታ ሰጥታ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ቅርንጫፉ ላይ ቀረች።

ተረቴን ጨረስኩላችሁ፤ እናንተስ እንዴት አደራችሁ?