የላይ ቅጥር ያልተለሰነው ድንጋይ

ላይ ቅጥር ሰፈርን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ግድግዳው ሁሉ በኖራ ተለስኖ ሲያበራ ያያል፤ በየደጁ በስተቀኝ ግን መዳፍ የምታህል ድንጋይ ሳትለሰን ቀርታለች። የሰፈሩ ሰው ያቺን ድንጋይ ሳይዳስስ ቤቱ አይገባም፤ እንግዳውንም «እጅዎን ያሳርፉባት» ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

ጦር መጥቶ ከተማውን ያቃጠለ ጊዜ፣ ወይዘሮ የሻረግ የምትባል ሴት ከባሏ ከመሪጌታ አላምረው ጋር በጭሱ መሀል ተጠፋፋች። መሪጌታ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቤታቸውን የሚለዩት ደጁ አጠገብ ባለች፣ አውራ ጣት በምታስገባ ስንጥቅ ድንጋይ ነበር። እንደሚነገረው፣ ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ እንደገና ሲሠራ፣ ነጋዴዎች መሪጌታ በሕይወት እንዳሉና ወደ አገራቸው መንገድ እንደ ጀመሩ ለየሻረግ ነገሯት። እሷም ደስታው አላስቀምጥ ስላላት፣ እሳት ያጠቆረው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እንዲለሰን አዘዘች። ግንበኛው ሳቀባት።

«እሜቴ፣ ይሄ ሁሉ ኖራ ለማን ዓይን ነው?»

«እሳቸው ባያዩ ሰው ያያል። ጥላሸት ውስጥ አስቀመጠቻቸው እንዲባል አልፈልግም።»

ጎረቤቱም እሷን አይቶ ለሰነ።

መሪጌታ የደረሱ ዕለት የሻረግ በሰላም አግባልኝ ልትል ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር፤ የእግዚአብሔር ነገር አይመረመርም። መሪጌታ መንገድ የመሯቸውን ሰዎች ሰፈሩ መግቢያ ላይ «ከዚህ ወዲያ እጄ ያውቀዋል» ብለው አሰናበቷቸው ይባላል። ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግሞ ሄዱ፤ ሁሉም ለስላሳ ሆነባቸው። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሸማኔ አግኝተው ስለ ስንጥቋ ድንጋይ ቢጠይቁት፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ እዚህ የለም አላቸው። ሚስታቸውን በስሟ ለመጠየቅ ግን፣ ሞታለች እንዳይባሉ ፈርተው፣ አፋቸው አልደፈረም።

«እንግዲያው አልቀናል» ብለው ቁልቁል ወረዱ።

የሻረግ ከሸማኔው ሰምታ ስትሮጥ መንገዱ ባዶ ነበር። እስከ ወንዙ ድረስ እየተጣራች ወረደች፣ ስለት ተሳለች፤ አየኋቸው የሚል ሰው አልተገኘም። ተመልሳ ልስኑን በቢላ ፋቀችው፤ ድንጋይዋ ከነስንጥቋ ወጣች፤ ግን ምን ያደርጋል። ያን ያዩ ጎረቤቶችም በየደጃቸው አንዳንድ ድንጋይ ገለጡ፤ ምናልባት ሌላ እየዳሰሰ የሚመጣ ይኖር ይሆናል ብለው።

ዛሬ የየደጁ ድንጋይ ከእጅ ብዛት ለስልሷል። የየሻረግ ደጅ ድንጋይ ብቻ እንደ ጥንቷ ሻካራ ናት። እሷን ማንም አይነካትም፤ የመሪጌታ ናት ይላሉ።