ዲግሪ የተጠየቀበት እርሻ

ተረት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ዕድሜዬ ይጠር።

ቦራ የሚባል በሬ አንድ ማሳ መቶ ዓመት ካረሰ በኋላ፣ "ከዘንድሮ ጀምሮ ዲግሪ የሌለው አያርስም፤ የማያርስ በሬም ለበዓል ይታረዳል" ተባለ። እያዘገመ ወደ ጸሐፊው ዝንጀሮ ሄደ።

"አያ ቦራ፣ ማስረጃህስ?"

"ይኸው፣ ቀንበር የላጠው ትከሻዬ።"

"ትከሻ ፋይል ውስጥ አይገባም።"

በቦራ ቦታ አንድ ባለዲግሪ ወጠጤ ፍየል ተቀጠረ። ቀንበሩ ግን ከአንገቱ እየሾለከ አስቸገረው፤ ረፋድ ላይ ቦራን ፍለጋ መጣ።

"አያ ቦራ፣ አንተ ጎትት፣ እኔ አረስኩ ብዬ እፈርማለሁ። ረዳቴ ነው ብዬ ካስመዘገብኩህ ከቢላዋ ትተርፋለህ።"

"እሺ፣ ጌታዬ" አለና ቦራ አንገቱን ለቀንበሩ ሰጠ።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ "እሺ፣ ጌታዬ" አላለም። ለመናገርም ደክሞት ነበር።