ኢንጂነር ጓንጉል ያዘዙት ቋንቋ

ኢንጂነር ጓንጉል ስድስት ሠራተኞች ያሉት የሶፍትዌር ድርጅት ባለቤት ናቸው፤ ሲናገሩ ለሰማቸው ግን አገር የሚያስተዳድሩ ይመስላሉ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ «ከእንግዲህ ሥራችን ሁሉ በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ይሆናል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው አንዲት ምላሰኛ ፕሮግራመር ላይ አረፈ። ባለፈው ስብሰባ ሰው ስላሳቀችባቸው ቂም ይዘውባታል።

«የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ተፎካካሪ እንዳይቀዳን ገና ትናንት የወጣ፣ ማንም የማያውቀው ይሁን። ደግሞ አንቺ ብትሄጂ በማግስቱ ሌላ እንድቀጥር፣ ማንኛውም ተመራቂ አቀላጥፎ የሚያውቀው ይሁን። እስከ ምሳ ካላገኘሽ ዕቃሽን ሸክፊ።»

ጓደኞቿ አቀረቀሩ። እሷ ግን ጠዋት ስትገባ በር ላይ ያነበበችው ትዝ ሲላት ሳቋ መጣና ከንፈሯን ነከሰች።

«ምሳ ድረስ ምን አስጠበቀን ኢንጂነር፣ ቋንቋውስ አለ» አለች። «የሚችለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱንም እርስዎ እየፈለጉት ነው።»

«እኔ? ማንን?»

«በር ላይ የቅጥር ማስታወቂያ ያወጡለትን ነዋ፤ ዘንድሮ የተመረቀ፣ የአሥር ዓመት የሥራ ልምድ ያለው። እሱ የመጣ ዕለት ያስተምረናል።»