በራሷ እግር የሄደች ስንቅ

አንድ ጊዜ ዝናብ ከአገር ሸሽቶ፣ ወንዙ ጠጠሩን አውጥቶ፣ መስኩም እንደ አሮጌ ቁርበት ደርቆ በነበረበት ዘመን፣ ዳልቻ የምትባል አህያ ነበረች። ዳልቻ ቡላ የምትባል አንዲት ውርንጭላ ነበረቻት። ውርንጭላዋ ብትጠባ ብትጠባ ከጡቱ የሚወጣው እያነሰ ሄደ። ጎኗ ገባ፤ ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናትየው ይህን አይታ፣ ወተቷ ጨርሶ ሳይደርቅ ውሃ ያለበት ካልደረሰች ልጇ እንደማትተርፍላት አወቀች።

ውሃ ያለው ከመላጣው ተራራ ማዶ ነው። እዚያ የማይነጥፍ ምንጭና ጉልበት የሚደርስ ሣር እንዳለ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ተራራውን ዞሮ በጠባብ ገደል መካከል ያልፋል። ገደሉ ውስጥ ደግሞ አያ ጅቦ ተኝቷል። በዚያ ከሄዱት አህዮች ደረስን ብሎ የላከ የለም፤ ወሬያቸውን ያመጣው አጥንታቸውን ያየ ቁራ ነው።

ስለዚህ ዳልቻ ዓይኗን ከመንገዱ አንስታ ተራራው ላይ ተከለች። ተራራው ከእግሩ እስከ አናቱ ግራጫ ዓለት ነው። ዛፍ የለው፣ አፈር የለው፤ የሰውም የከብትም ዱካ አያውቅም። ጎረቤቶቿ በዚያ ልትሻገር ማሰቧን ሲሰሙ ሳቁባት። ሽማግሌው አህያማ ከተኛበት ቀና ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ አህያ በተሠራ መንገድ ትሄዳለች እንጂ መንገድ ስትሠራ የት አይተሻል?» አላት።

ዳልቻም፣ «አባቴ፣ ይሄ መንገድ የምንለው መጀመሪያ በማን እግር ነው የተረገጠው?» አለችው።

ሽማግሌው ጆሮውን አራግፎ ተመልሶ ተኛ።

ዳልቻ ቶሎ መሄድ እንጂ መንቀዥቀዥ አልፈለገችም። ከተራራው ፊት ለፊት ቆማ እንደ ጠላትም እንደ ወዳጅም አጠናችው። ጀምበር ዘንበል ስትል ጉም ከአናቱ ተነስቶ ዓለቱን እንደ ነጠላ እንደሚያለብሰው ልብ አለች። እንግዲህ ጉሙ ሳይቀድማት ከአናቱ ማለፍ አለባት። ጥላው የት እንደሚውልም አየች፤ ውርንጭላ በፀሐይ አትወጣምና።

ከዚያም ተራራው ሥር ወደሚኖረው ወደ ሽኮኮ ሄዳ ጠየቀችው። ሽኮኮ ወሬ የሚወድ ፍጡር ነው፤ ስለ አክስቶቹና ስለ ንስሩ ብዙ አወራላት። እሷም ታግሳ የሚያስፈልጋትን ለቅማ ያዘች። ከወገቡ በላይ አንድ ስንጥቅ አለ፤ ጉሙ ሲነካው ዓለቱን ያልበዋል፣ ላቡም በስንጥቁ ይጠራቀማል፣ ያ ውሃ በበጋም አይጠፋም። ከአናቱ ማዶ ሁለት መውረጃ አለ። አንደኛው ጠጠር የሞላው ሰፊ ቦይ ነው፤ ረዥም ነው ግን ለእግር ይለዝባል። ሁለተኛው ገበታው የሚሉት ለስላሳ ዓለት ነው፤ ወለል ብሎ እስከ ሜዳው ድረስ ይወርዳል።

«በገበታው ፊት ለፊት የወረደ ይንከባለላል» አላት ሽኮኮ። «አግድም አግድም ያለ ይደርሳል። የፊት እግሩ ረዝሞ የኋላው ያጠረ ከሆነ ግን ባይሞክረው ይሻለዋል። ሲወጣ ማን ይችለዋል፤ ሲወርድ ቂጡ ይቀድመዋል።»

ዳልቻ በቦዩ ልትወርድ ወሰነች። ይሁንና ክፉ ቀን ሳይነግር ይመጣል ብላ፣ ልጇን በየጠዋቱ በደጃቸው ባለች ዘመም ያለች ዓለት ላይ አግድም መውረድ ታስተምራት ጀመር። ቡላ ስትንሸራተት ጎረቤቶች ይስቃሉ፤ ዳልቻ «እንደገና» ትላለች። ከአውድማ የተረፈ ጭድ ለቃቅማ በተጣለ ስልቻ ሞላች። ሁሉን ካሰናዳች በኋላ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ጸለየች።

«ጌታዬ፣ በሆሳዕና ዕለት የተሸከመችህ ዘመዴ ናት። ውለታ ልቆጥርብህ አይደለም፤ እንድታውቀኝ ብዬ ነው። ተራራውን ዝቅ አድርግልኝ አልልህም። ልቤን ብቻ አጽናልኝ፤ እግሬን እኔ አያለሁ።»

ይህን ጸሎት ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ሰማ። ሮጦም ገደሉ ውስጥ ወደ አያ ጅቦ ሄደና፣ ሁለት አህያ በተራራው ላይ ሊያመልጡህ ነው አለው። ጅብ ይህን ሲሰማ አሁኑኑ ሄጄ ልብላቸው ብሎ ተነሳ። ቀበሮ በጭራው ይዞ አስቀመጠው። እታች ወንጭፍ የያዙ እረኞችና ውሾች እንዳሉ፣ ተራራው ላይ ግን ጩኸት ሰምቶ የሚደርስ እንደሌለ፣ ደግሞም ሥጋዋን ራሷ ተሸክማ ብታወጣላቸው እንደሚሻል አስረዳው። ወዳጅ መስለን አብረን እንውጣ፣ አናቱ ላይ እንበላታለን አለው።

ጅብ ጥቂት አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ታዲያ ለመንገዱ ምን ስንቅ እንያዝ?»

«አይ አያ ጅቦ፣ ስንቅ ምን ያደርግልናል?» አለ ቀበሮ። «ስንቃችን በራሷ እግር ትሄዳለች።»

ጅብ ይህን ነገር ወደደው። እስኪያነባ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ዳልቻ ልትነሳ ስትል ሁለቱ ደጇ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ቀበሮ ለስለስ ብሎ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ከነልጇ በዚህ ዓለት ስትሄድ ዝም ብለን አናይም፣ አጃቢ እንሁንሽ ብለን መጣን አላት። ዳልቻ አንዴ ጅቡን አንዴ ልጇን አየች።

«አያ ጅቦስ ከመቼ ወዲህ ነው አህያ የሚያጅበው?»

ጅብ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ፣ «ጾም ይዣለሁ፣ እህቴ» አላት። ይህን ሲል ከአፉ የወረደው ለሃጭ እግሩን አራሰው።

ዳልቻ ነገሩ ገባት። እምቢ ብትል እረኛ ሳይደርስላት እዚያው ደጇ ላይ ይዘነጥላታል። ብትቀር ልጇ በጥም ትሞታለች። ፈራች፤ አልፈራችም ብል ሐሰት ነው። ነገር ግን ከኋላ የሚተነፍስ ጠላት ካደፈጠ ጠላት ይሻላል፤ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል። የጅቡን ረዣዥም የፊት እግሮች፣ እንደ ተሰበረ ጣራ የወረደ ወገቡን አየች። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰፊውን ቦይ ከሐሳቧ አወጣች።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «እኔ እመራለሁ፣ እናንተ ከኋላ ሁኑ።»

መውጣት ጀመሩ። ዳልቻ አስቀድማ በዓይኗ ባሰመረችው መስመር፣ ከጥላ ወደ ጥላ ትሄዳለች። ቡላ በሆዷ ሥር እየታከከች ትከተላለች። ጅብ ከኋላቸው የሚያየው የዳልቻን ታፋ ነው። ቀበሮ የሚያየው የጅቡን ዓይን ነው፣ ብቻውን እንዳይበላ። ዓለቱን ያየ፣ የመጡበትን ዞር ብሎ ያስተዋለ ከሁለቱ አንድም አልነበረም።

ከወገቡ በላይ ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ሽኮኮ እንዳለው ውሃ አገኙ። ዳልቻ አስቀድማ ልጇን አጠጣች፣ ከስልቻውም ጭድ አውጥታ አበላቻት። ጅብ በአፍንጫው ጭዱን ጠጋ ብሎ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ። ሆዱ እንደ ነጎድጓድ ይጮህ ነበር። ወደ ቀበሮ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አሁን ይሁን አለ፤ ቀበሮም ገና ነው፣ ከዚህ ከተንከባለለች ለአሞራ ነው የምትተርፈው አለው። ዳልቻ ሰማች። ያልሰማች መስላ ስልቻዋን አደላድላ ተነሳች።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ጀምበር ዘንበል ማለት ጀምራለች። ከማዶ ሜዳው ታየ፤ አረንጓዴ ነው፣ በመሃሉ ምንጩ እንደ መስተዋት ያበራል። ቡላ ውሃውን አይታ ጆሮዋን አቆመች። በስተቀኝ ቦዩ ነው። በስተግራ ከእግራቸው ሥር ገበታው ተዘርግቷል። ከኋላቸው ነጩ ጉም እየተነሳ ነበር።

ጅብም ከዚህ በላይ መታገሥ አቃተው። «እህቴ ዳልቻ፣ ጾሜን ልፈታ ነው» አለ።

ዳልቻ አልሮጠችም። እንደ ባልቴት ረጋ ብላ ዞረችለት።

«ደግ። ጾም ከጸሎት በኋላ ነው የሚፈታው፣ ይህን አንተም አታጣውም። አባታችን ሆይ ልበልና እንደ ፈቀደ ይሁን።»

ጅብ ግራ ገባው። ጾመኛ ነኝ ያለው ራሱ ነውና ጸሎት አይባልም ሊል አልቻለም። ከቀበሮ ጎን ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ዳልቻ ፊቷን ወደ ገበታው፣ ጀርባዋን ወደ እነሱ አድርጋ ቡላን ከፊቷ አቆመቻት። ጸሎቱን ቃል ሳትዘል ደገመች። «ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ» ስትል ድምጿ ከፍ አለ፤ «አሜን» ስትል ልጇን በአፍንጫዋ ገፋቻት።

ቡላ በደጃቸው ዓለት ላይ እንደ ተማረችው አግድም ያዘች። ዳልቻ ተከተለቻት። ወደ ግራ ይሄዳሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ይታጠፋሉ። ኮቴያቸው ዓለቱን እየነከሰ ወረዱ። አንድ ጊዜ ቡላ ተንሸራተተች፤ እናትየው በደረቷ ደገፈቻትና «እንደገና» አለቻት። እንደገና ሄደች።

ጅብ ምሳው ሲወርድ አይቶ ፊት ለፊት ዘለለ። የፊት እግሩ ዓለቱን ሳይጨብጥ ቂጡ ቀደመው። ከዚያ በኋላ ጅብ መሆኑ ቀርቶ ድንጋይ ሆነ፤ ተንከባሎ ተንከባሎ እናትና ልጁን በሩቁ አልፎ፣ ከገበታው ጫፍ ባለው የእሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀረቀረ። አንድ የኋላ እግሩ ተጣሞ ቀረ።

ቀበሮ አናቱ ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። ልውረድ ቢል የጅቡን አይቷል። ልመለስ ብሎ ቢዞር ጉሙ ተራራውን ውጦታል፤ የመጣበትን አላስተዋለምና ከየት እንደ መጣ አያውቅም። ዓለቱን እንዳያሸት ጉሙ አርሶታል። የሚላስ የሚቀመስ የለው። ከታች የጅቡ ድምጽ እየተጎተተ መጣ።

«አንተ ቀበሮ... ስንቃችን የት ሄደች?»

ቀበሮ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ቀብሮ፣ «በራሷ እግር ሄደች» አለ።

እናትና ልጅ ሜዳው ላይ ወረዱ። ቡላ ምንጩ ውስጥ እስከ ዓይኗ ተነክራ ስትጠጣ ዳልቻ ቆማ አየቻት። ልጇ ጠጥታ ቀና ስትል እሷም አንገቷን ደፋች፤ ለመጠጣት ይሁን ለማመስገን እግዜር ያውቃል። ሰንበት ብሎ ሽማግሌው አህያ ሌሎቹን አስከትሎ በእሷ ኮቴ ጭረት ላይ እየረገጠ እስከ አናቱ ወጥቶ፣ በሰፊው ቦይ በኩል መጣ። ቀበሮ ጉሙ ሲገለጥለት ከስቶና ዋይ እያለ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ አሉ። አያ ጅቦም ዛሬ ድረስ ሲሄድ ያነክሳል።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው ሥጋ ስንቅ ቆጥሮ የወጣ መመለሻው እንደሚጠፋውና፣ ልቡን ለፈጣሪው ሰጥቶ እግሩን ራሱ የሚያይ ግን መንገድ በሌለበትም እንደሚደርስ ነው።