የተላጨው መስክ

አንድ ይመር የሚባል ገበሬ ነበር። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ጥንቃቄው ግን አንዳንዴ ልክ ያጣል። አንድ ክረምት ከየት እንደመጣ ያልታወቀ፣ ነጭ አበባ ያለው መጤ አረም ግጦሽ መሬቱን ወረረው። ያለችው አንዲት ላም አረሙን እየበላች ወተቷ እንደ ሬት መረረ። ሚስቱ ጦይባ ቀምሳ ተፋችውና "በል እንግዲህ፣ ወይ አረሙን አጥፋ፣ ወይ ላሟን ሽጣትና እንረፍ!" አለችው። ይመር ላሟን ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነውና ሆዱ ባባ።

ደቦ ጠራ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ እየዘፈነ አረሙን ነቀለ፣ ሣሩንም አብሮ ፈነቀለ። ይመር "አንድም እንዳይቀር! ጥርግ!" እያለ ያዝዛል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሬቱ እንደ ተላጨ ራስ ሆነ። ምን ዋጋ አለው! ዝናቡ ሲመለስ አረሙ እጥፍ ሆኖ ብቅ አለ።

ይመር ተናዶ ወደ ጎረቤቱ ወደ እትዬ ዘሀራ ሄደ። የእሳቸውን ግጦሽ ከእሱ የሚለየው ቀጭን መንገድ ብቻ ነው፤ በእሳቸው በኩል ሰርዶ የሚባለው ሣር እርስ በርሱ ተቆላልፎ እግር ይጠልፋል። ይመር ሁልጊዜ "ይህን ጫካዎን አያጸዱትም?" እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

"እትዬ፣ ምን መድኃኒት ቢያደርጉበት ነው አረሙ እርስዎ ጋ ያልመጣው?"

"ማነው አልመጣም ያለህ? ንፋስ ይህችን መንገድ መሻገር ይፈራል እንዴ! ዘሩማ መጣ። ሰርዶው ብርሃኑንም ውሃውንም ቀድሞ ይዞ መቆሚያ ነሳው እንጂ። አንተ ጎበዝ ግን ባለቤቱን አባረህ ቤቱን ለእንግዳው ጠረግህለት!" ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ይመር አፈረ፤ ቆይቶ እሱንም ሳቅ አሸነፈው።

እንደገና ደቦ ጠራ፤ አሁን ግን ለተከላ። እትዬ ዘሀራ ሰርዶ ከነሥሩ እየገመሱ ሰጡት፤ ሣሩ እስኪይዝለትም ላሟን ከእሳቸው መስክ አሰማሯት። እሱም አረሙን ሳያብብ እየለየ በእጁ ነቀለ። በሁለተኛው ክረምት ሣሩ መሬቱን አለበሰው፤ አረሙ እዚህም እዚያም ኮስምኖ ከመታየት በቀር አቅም አጣ። ጦይባ ወተቱን ጠጥታ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ይሄ ነው ወተት! ደግሞ ይህችን ላም ሽጥ ያለህ ማነው?"

"አንቺ ነሻ!" አለ ይመር፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ክፉ ልማድም እንዲሁ ነው። ከልባችን ነቅለነው ቦታው ባዶ ከቀረ፣ በርትቶ ይመለሳል። በቦታው መልካሙን ከተከልንበት ግን የሚያድግበት ያጣል። እናንተስ፣ በነቀላችሁት ቦታ ምን ተከላችሁ?